መርዶ በስልክ አይነገርም

(ሎስ አንጀለስ) — ባለፈው ኅዳር አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት የሀበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ ስድስት ሰዎች ሆነን ጥግ ይዘን ተቀምጠናል። ክትፎው ቀርቦ የሚነካው ጠፍቷል። የአንድ የደሴ ልጅ ወዳጃችን እናት ማረፋቸውን ረፋዱ ላይ ሰምተናል፤ ልጃቸው ግን አልሰማም። ምክሩ «እንዴት ይነገረው?» ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ሥራ ላይ ነው፤ ሰምቶ በዚህ ፍሪዌይ መኪና ይንዳ? ተኝቶ ይደርና ንጋት ላይ እንሄዳለን ተባለ። ደሴ ላሉት ዘመዶች ተደውሎም ማንም ፌስቡክ ላይ ፎቶ እንዳይለጥፍ አደራ ተባሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ለአንድ አሜሪካዊ ብታጫውቱት «እናቱ አይደሉም እንዴ? ወዲያው ማወቅ መብቱ ነው» ይላችኋል። በእርሱ አስተሳሰብ ዜናው የባለቤቱ ንብረት ነው። በእኛ ዘንድ ግን መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። መጀመሪያ የሚያቅፍና የሚደግፍ ይሰበሰባል፣ ቃሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ብዙ ጊዜም ቃል አያስፈልግም፤ ጎህ ሲቀድ በር ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቆሙ ሰዎችን ያየ ሁሉንም ሰምቷል።

ፌርፋክስ ጎዳናን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ብትወጡ ሆሊውድ ቡልቫርድ ላይ ያበቃል። የሞት ዜና በአሜሪካ እንዴት እንደሚነገር ለዓለም ያሳየው የሆሊውድ ፊልም ነው፤ ሐኪሙ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ይወጣል፣ ጭምብሉን ያወርዳል፣ «አዝናለሁ» ይላል፣ አለቀ። ወደ ደቡብ ብትወርዱ ደግሞ፣ ኦሎምፒክ ጎዳናን እንደተሻገራችሁ፣ ከተማው እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየማት ሰፈር ውስጥ ናችሁ። መንገዱ አንድ ነው፤ የሞት አነጋገሩ ግን ለየቅል።

ነገሩን በዚሁ በካሊፎርኒያ ምሁራን አጥንተውታል። የሕክምና አንትሮፖሎጂ ባለሙያዋ ዶ/ር የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ክፉ ዜና በቀጥታ ለበሽተኛው ሳይሆን በቅድሚያ ለቅርብ ዘመድ ወይም ወዳጅ እንዲነገር እንደሚመርጡ ለአሜሪካ ሐኪሞች አስረድተዋል። በ1995 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ሎስ አንጀለስ ውስጥ 800 አዛውንትን ጠይቋል፤ ካንሰር የተሰራጨበት ሰው በሽታው ይነገረው ወይስ አይነገረው? ከጥቁር አሜሪካውያኑ 88 በመቶ፣ ከነጮቹ 87 በመቶ «ይነገረው» ሲሉ፣ ከሜክሲኮ ተወላጆቹ 65፣ ከኮሪያ ተወላጆቹ ደግሞ 47 በመቶ ብቻ ናቸው እንዲያ ያሉት። ስለዚህ እኛ ብቻ አይደለንም።

አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ከጥንት ጀምረው እንዲህ ፊት ለፊት ተናጋሪዎች አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1961 በታተመ የቺካጎ ጥናት፣ ከተጠየቁት ሐኪሞች 90 በመቶ ያህሉ ካንሰርን ለበሽተኛው አለመንገርን ይመርጡ ነበር። በ1979 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ 97 በመቶዎቹ መንገርን መረጡ። በ18 ዓመት ውስጥ ግልብጥ አለ!

እዚህ ላይ የራሴን ኃጢአት ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴን ይዤ አንድ ሆስፒታል ሄጄ ነበር፤ አስተርጓሚው እኔው ነኝ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ጠራ፣ የቀረውንም ጊዜ በወር ቆጠረ። እኔ ደግሞ «መድኃኒት ይሰጥሻል፣ ትንሽ ያደክምሻል ነው የሚለው» ብዬ ተረጎምኩ። ሐኪሙ አቀርቅራ እንዳላለቀሰች ሲያይ ገረመው። ካረፈች በኋላ ጎረቤቷ እንደነገረችኝ ግን አክስቴ ገና ያን ዕለት ከፊቴ አንብባው ኖሯል። «ልጄ እንዳይጨነቅ ብዬ ነው ያላወቅሁ የመሰልኩት» ብላታለች። አራት ወር ሙሉ እርስ በርስ ስንደባበቅ አገሯን የማየት ምኞቷን እንኳ ሳናነሳው ቀረ። ስለዚህ ባህላችን ሁሉ ማር ነው የሚለኝ ካለ አልስማማም። ሰብሰብ ብሎ ማርዳት አንድ ነገር ነው፤ ከባለቤቱ መደበቅ ሌላ ነው። እኛ ሁለቱን እናምታታለን። እናቱ ከሞተች ዓመት ያለፋት፣ «ደህና ናት፣ ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነው» እየተባለ ገንዘብ የሚልክ ልጅ እዚህ ከተማ አላየንም?

እሁድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ አምስት መኪና ሆነን ወዳጃችን ቤት ደረስን። በሩን ከፈተ። ፊታችንን አንድ በአንድ አየ። ምን ሆናችሁ ብሎ አልጠየቀም፤ «እናቴ ናት?» ብቻ አለ፤ ወዲያው ጉልበቱ ከዳው፤ ግን መሬት አልነካም፣ ይዘነዋል።

ጩኸቱን የሰሙት አሜሪካዊት ጎረቤቱ በካባ ብቅ ብለው «ፖሊስ ልጥራ?» አሉን። አስረዳናቸው። ከሰዓት በኋላ አበባ ይዘው መጡ፤ ወንበር ብንሰጣቸው እምቢ ብለው፣ ሴቶቹ ከተቀመጡበት ምንጣፍ ላይ ጫማቸውን አውልቀው እስኪመሽ ተቀመጡ።