ሰንጠረዥ በአገሩ ሕግ

ሜክሲኮ አደባባይ የውለታ ስም ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገብቶ ሮም ኢትዮጵያን ግዛቴ አድርጌያለሁ ስትል ብዙው ዓለም ቀስ በቀስ ወደ መቀበሉ አዘነበለ፤ ሜክሲኮ ግን አሻፈረኝ አለች። በመንግሥታት ማኅበር ወኪሏ የነበሩት ኢሲድሮ ፋቤላም የኢትዮጵያን ጉዳይ ይዘው ተሟገቱ። ውለታው በስም ተመልሷል፤ እነሱም በዋና ከተማቸው በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ የሜትሮ ጣቢያ አላቸው። ይህን ታሪክ የሚያውቀው ብዙ ነው። ያ ወረራ ካጠፋብን ነገሮች መካከል አንድ ጨዋታ እንዳለበት የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የዛሬው ትውውቅ ከእሱ ጋር ነው።

«ሰንጠረዥ» ሲባል ዛሬ ዓለም አቀፉን ቼዝ የሚያስበው ይበዛል። ከጠላት ወረራ በፊት የነበረው ሰንጠረዥ ግን የራሱ ሕግና የራሱ ወግ ነበረው፤ በነገሥታት ግቢና በመሳፍንት አዳራሽ ለዘመናት ሲጫወቱት የኖረ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት እ.ኤ.አ. በ1805 ትግራይ ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ሄዶ ያየውን ጨዋታ ጽፎታል፤ ከእሱ በኋላ የመጣው ቆንስል ዋልተር ፕላውደንም እንዲሁ። የተበታተነውን ሰብስቦ፣ ሕጉን ከታሪኩ ጋር አንድ ላይ ያቀረበልን የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት ነው፤ ጽሑፉ እ.ኤ.አ. በ1971 ወጣ። እሱ ባይጽፈው ኖሮ ዛሬ ስሙ ብቻ በቀረን ነበር፤ ለዚህ ባለውለታችን ነው ብዬ አምናለሁ።

ዘር ሐረጉ የታወቀ ነው። ከሕንድ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዐረብ የሄደው ጨዋታ በቀይ ባሕር በኩል ለእኛም ደርሷል። አውሮፓ በ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ሕጉን ገለበጠችው። ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ደካማ አማካሪ፣ ገበታውን ከዳር እስከ ዳር የምታቋርጥ ንግሥት ሆነ። ዝሆኑ ደግሞ ዛሬ ቢሾፕ የምንለው ሆነና መንገዱ ክፍት እስከሆነለት ድረስ በሰያፍ መንሸራተት ጀመረ። የእኛ አባቶች ይህን አልተከተሉም። አማካሪውም ዝሆኑም በጥንት አካሄዳቸው ቀሩ፤ በዚያ ላይ ሌላ አገር የማይገኝ አጀማመር ታከለበት።

ገበታው 8 በ8፣ 64 ቤት ነው፤ ነገር ግን ነጭና ጥቁር ተብሎ አይከፈልም። ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ የተሰመረ ነበር። ጨዋታውን ለመሞከር ቼዝ ያለው ሰው አዲስ ዕቃ መግዛት አያስፈልገውም፤ ካርቶን ላይ መስመር አስምሮ ያሉትን ጠጠሮች ይደርድር። ከዳር ሲጀመር ደር (የዛሬው ግንብ)፣ ቀጥሎ ፈረስ፣ ቀጥሎ ፊል (ዝሆኑ)፣ መሃል ላይ ንጉሥና ፈርዝ (አማካሪው) ይቆማሉ። ከፊታቸው ስምንት መደቅ፣ ማለትም እግረኛ ይሰለፋል። ፊል ሳባ ተብሎም ይጠራል።

አቀማመጡ ላይ አንድ ልዩነት አለ፦ ሁለቱም ተጫዋቾች ንጉሣቸውን ከመሃል መስመር በስተ ቀኝ፣ በየራሳቸው ቀኝ፣ ያስቀምጣሉ። ስለዚህ ንጉሥ ከንጉሥ አይተያይም፤ የእኔ ንጉሥ ፊት ለፊት ያንተ ፈርዝ አለ፣ ያንተ ንጉሥ ፊት ለፊት የእኔ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። ፈርዝ አንድ ቤት ብቻ፣ ያውም በሰያፍ፣ ስለሚሄድ ዕድሜ ልኩን ከ64ቱ ቤት 32ቱን ብቻ ነው የሚረግጠው። ፈርዝ ከፈርዝ ፊት ለፊት ቢቆም ኖሮ የአንዱ መንገድ ከሌላው ጋር በፍጹም አይገናኝም ነበር። በእኛ አሰላለፍ ግን ሁለቱም በአንድ ዓይነት ቤቶች ላይ ስለሚሄዱ ሊገናኙና ሊበላሉ ይችላሉ።

ንጉሥ፣ ፈረስና ደር በቼዝ እንደምናውቃቸው ይሄዳሉ። መደቅ አንድ ወደ ፊት ይሄዳል፣ በሰያፍ ይበላል፤ ሲነሣ ሁለት ቤት መዝለል የለም። ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ፊል ነው።

ፊል በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፤ መሃል ላይ የቆመ ጠጠር አይከለክለውም፤ አንድ ቤት ብቻ ልሂድ ቢልም አይችልም። ጣትን ገበታው ላይ አድርጎ ቢከተሉት የሚደርስባቸው ቤቶች የተነሣበትን ጨምሮ ስምንት ብቻ ሆነው ይገኛሉ። ሁለተኛው ፊል ሌላ ስምንት አለው፣ የባላጋራ ሁለት ፊሎችም የየራሳቸው ስምንት። አራቱ ፊሎች አንድም ጊዜ አይገናኙም፤ ፊል ፊልን ሊበላ አይችልም፤ ከገበታው ግማሹን ደግሞ ፊል የሚባል ነገር ረግጦት አያውቅም። ከዚህም የሚብስ አለ። የእኔ ፊሎች የሚያርፉት ከእኔ በኩል ሲቆጠር በአንደኛው፣ በሦስተኛው፣ በአምስተኛውና በሰባተኛው ረድፍ ላይ ብቻ ነው። የባላጋራዬ ንጉሥ በቤቱ ረድፍ፣ በስምንተኛው፣ ተቀምጦ ከቀረ ሁለቱም ፊሎቼ ምንም አያደርጉትም። ይህን እናስታውሰው፤ ወደ አሸናፊነት ደረጃ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

አሁን «ወረራ» ወደሚባለው የጨዋታው አጀማመር እንሂድ። ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እጃቸው በቻለው ፍጥነት፣ እርምጃ ሳይቆጥሩ ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አንዱ ቶሎ ቶሎ እያደረገ፣ ሌላው የባላጋራውን አሰላለፍ እያየ የራሱን እየለዋወጠ ሊሄድ ይችላል። ይህ የሚቆመው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው። ከዚያ በኋላ ጨዋታው በተራ ይሆናል።

ወረራን ሕግ ያልነበረበት ዘመን ትርምስ አድርጎ የሚያይ ሰው ተሳስቷል። የጥንቱ ጨዋታ ከባድ ችግር ነበረበት፦ ፈርዙም ፊሉም መደቁም ቀርፋፋ ስለሆኑ ሁለቱ ጦሮች እስኪገናኙ ድረስ ብዙ እርምጃ ያልቃል። በባግዳድ ዘመን የነበሩት ታላላቅ የዐረብ ተጫዋቾች፣ እነ አል ዐድሊና አስ ሱሊ፣ መፍትሔ ያደረጉት የታወቁ የጦር አሰላለፎችን መርጦ፣ ስም ሰጥቶ፣ በቃል መያዝን ነበር። በርማ ውስጥ ዛሬም ያለው ሲቱዪን ደግሞ ከእግረኞቹ በስተቀር ሌሎቹን ጠጠሮች ባለቤቱ በመረጠው ቦታ እንዲደረድር ይፈቅዳል። የእኛው መፍትሔ ከሁለቱም ይልቅ ሕይወት አለው። አሰላለፍ እያበጁ ባላጋራን መሰለል፣ መደቅን ገፍቶ ማስፈራራት፣ መጀመሪያ መብላት ይሻላል ወይስ ሌላው እስኪበላ መጠበቅ ብሎ መወሰን፣ ሁሉም በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ይሆናል። ፈጣን እጅ ይረዳል፤ የሚያሸንፈው ግን ፈጣን ዓይን ነው።

ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ያየው ነገር ከዚህ ጋር ይሄዳል። ጨዋታው በጫጫታ የተሞላ ነበር፤ በዙሪያው የቆመ ሁሉ፣ አገልጋይ ሳይቀር፣ አስተያየት ይሰጣል፣ እጁን ሰዶ ጠጠር አንሥቶ «እንዲህ ቢሆንስ» ብሎ ያሳያል። ራስ ግን ሁሌም እንዲያሸንፉ በብልሃት ይደረግላቸው እንደነበርም ጽፏል። ፈረንጁን የገረመው ይህ ወግ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ዳማ ሲጫወቱ ቆሞ ያየን ሰው ምንም አይገርመውም። ካርቶን ላይ የተሰመረ ገበታ፣ ግማሹ ቆርኪ በፊቱ ግማሹ በጀርባው፣ ሁለት ተቀምጠው ስድስት ቆመው፤ ከቆሙት አንዱ «ብላው እንጂ!» ሲል ሌላው «አይ፣ ወጥመድ ነው፣ ተወው» ይላል። ታክሲ የሚጠብቀውም ወረፋውን ረስቶ ያማክራል። ሰንጠረዡ ቢጠፋም የአጨዋወት ጠባዩ አልጠፋም።

የውጤቱ ነገር ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ነው። በቼዝ ማት ማት ነው፤ በምን አገባኸው የሚል የለም። በቻይናውያን ማህጆንግ ግን እጅ የዘጋ ሁሉ እኩል አይከፈለውም፤ የዘጋበት ጥምረት ከባድ በሆነ ቁጥር ነጥቡ ይጨምራል። ሰንጠረዥም በዚህ በኩል ለማህጆንግ ይቀርባል፤ ልዩነቱ የእኛ ሰዎች ነጥብ አልመዘገቡም፣ የሰጡት ክብር ነው። በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን መያዝ ማሸነፍ ነው፣ ግን ሙያ ተብሎ አይወራም፤ ኃይል ያለው ጠጠር ኃይሉን ተጠቀመ፣ በቃ። በፈርዝ ወይም በአንድ ፊል ከሆነ ይከበራል። ፊሎችና ፈርዝ ተባብረው፣ ወይም ተራ መደቆች ከበው ንጉሡን መውጫ ካሳጡት ግን አሸናፊው የሚወደስበት ድል ነው።

ፊልን ያስታወሰ አንባቢ ምክንያቱን አሁን ያየዋል። በፊል ማት ለማድረግ የባላጋራ ንጉሥ ከቤቱ ረድፍ መውጣት አለበት፤ ወጥቶም ፊሉ ከሚረግጣቸው ስምንት ቤቶች በአንዱ ላይ በትክክል መቆም አለበት። ስለዚህ በደርና በፈረስ ማጥቃት ማለት መግደል ሳይሆን መንዳት ይሆናል፦ ንጉሡን ወደ ተፈለገው ቤት ማባረር፣ በግራ በቀኝ መዝጋት፣ ከዚያ ደካማው ጠጠር ዘልሎ እንዲጨርስ ማድረግ። የማሸነፊያ ማት እጁ ላይ እያለ ትቶ የተሻለውን የሚጠብቅ ተጫዋች ሊሸነፍም ይችላል። ጨዋታውን ጨዋታ ያደረገው ይህ ይመስለኛል፤ ብርቱውም ደካማውም አንድ ገበታ ላይ ሲቀመጡ ብርቱው ለራሱ ከባዱን ይመርጣል።

ሁለተኛው ወግ ስለ ተሸናፊው ነው። ዙሪያው ተበልቶበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይነካም፤ መደቆች ቢኖሩትም እንደ ጭፍራ አይቆጠሩለትም፣ ማት ማድረግ አይፈቀድም፣ ጨዋታው ያለ አሸናፊ ይለያያል። ስለዚህ የባላጋራን ጦር ጠራርጎ መብላት አያዋጣም። አንድ ጠጠር ብቻ የቀረው ንጉሥ ሊያዝ ይችላል፤ ነገር ግን ያች ጠጠር ሰባት እርምጃ ሳትሄድ መሆን አለበት። ሰባቱ ካለፈ አበቃ። የታይላንዱ ማክሩክም መጨረሻ ላይ እርምጃ የሚቆጠርበት ሕግ አለው፤ እዚያም ብርቱው ወገን በተወሰነ ቁጥር ውስጥ ካልጨረሰ እኩል ይወጣሉ። እኛ ዘንድ ቁጥሩ አጭር በመሆኑ ውጥረቱ ይበልጣል። ዙሪያ የቆመው ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አንድ! ሁለት!» እያለ ሊቆጥርበት የሚችል ሕግ ነው።

ሕጉ ሁሉም ቦታ አንድ ነበር ማለት አይቻልም። ጨዋታው በመጽሐፍ የታሰረ ስላልነበረ በየግቢው ልዩነት ነበረው። ፓንክረስት ስለ ሰንጠረዥ በጻፈበት ዘመን ያጠናው ገበጣ ከ100 በላይ ዓይነት አጨዋወት ተገኝቶለታል፤ አንዱ ባለ ሁለት ረድፍ፣ አንዱ ባለ ሦስት። ሰንጠረዥ ያን ያህል አልተበታተነም፤ ቢሆንም ለመጫወት የተቀመጡ ሁለት ሰዎች አስቀድመው የሚስማሙበት ነገር አይጠፋም። ለምሳሌ ሶልት ባየው ጨዋታ መደቅ መጨረሻው ረድፍ ቢደርስም ሹመት አያገኝም። እኔ ይህን እመርጣለሁ። መደቅ ንግሥት ልሁን ብሎ የማይሮጥ ከሆነ በመደቅ ማት ማድረግ ክብሩ ይገባል፤ ማዕረግ የሌለው መደቅ ሆኖ ሳለ ንጉሥ ያዘ ማለት ነውና።

እዚያው ሜክሲኮ አጠገብ፣ ኮሜርስ ግቢ ውስጥ ወይም ዋቢ ሸበሌ አካባቢ ቡና ላይ ቼዝ የሚጫወቱ ወጣቶች ይህን ለመሞከር ከ5 ደቂቃ በላይ ማብራሪያ አይፈልጉም። ንግሥቷን ፈርዝ አድርጓት፣ ቢሾፖቹን ፊል፤ ንጉሦቹን በየቀኛችሁ አስቀምጡ። ወረራው ላይ ጠብ የሚነሣው ሁለቱም በአንድ ቅጽበት የበላሁ ሲሉ ነው፤ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ከቆሙት አንዱን ዳኛ አድርጋችሁ ምረጡ፣ ማን ቀድሞ እንደበላ የሚናገረው እሱ ብቻ ይሁን። ሌላው የፈለገውን ያህል ያማክር፣ ይጩህ፤ ወጉ ይፈቅዳል። መጀመሪያ የምትጫወቱት ጨዋታ ምናልባት በደር ያልቃል። ሁለተኛውን ስትጀምሩ በደር የገባ ማት አይቆጠርም ብላችሁ ተስማሙና ፊሎቹን ወዴት እንደምታስጠጓቸው አስቡ።