የጥናት መጽሔት ድረ ገጽ በማን ቤት ይደር?

አንድ የተማሪዎች ማኅበር የጥናት መጽሔቱን በኢንተርኔት ለማውጣት ሲያስብ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ፥ ድረ ገጹ በማን ሰርቨር ላይ ይቀመጥ የሚል ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ በዋጋ ብቻ ይሰጣል። እኛም እንዲሁ አድርገን ስለ ነበረ፤ የደረሰብንን ለመምህራንና ለትምህርት ጓደኞቼ ለማስረዳት ይህን ጽፌአለሁ።

አስተናጋጅ ድርጅቶች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ሁለገብ የምንለው የነጋዴውንም፥ የሆቴሉንም፥ የትምህርት ቤቱንም ድረ ገጽ ያለ ልዩነት ይቀበላል። በዝቅተኛው ክፍያ ብዙ ድረ ገጾች አንዱን ሰርቨር በጋራ ይጠቀማሉ፤ ርካሽነቱም የመጣው ከዚሁ ነው። ልዩ አስተናጋጅ ግን አንድ ፕሮግራም መርጦ በእርሱ ላይ ይሠለጥናል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 የተመሠረተው አክዊያ ለድሩፓል፥ በ2010 የተመሠረተው ደብልዩ ፒ ኤንጂን ለወርድፕሬስ የቆሙ ናቸው። ለጥናት መጽሔቶች በሰፊው የሚያገለግለው ኦፕን ጆርናል ሲስተምስ በነጻ የሚገኝ ሲሆን፤ ያዘጋጀው የካናዳው ፐብሊክ ኖውሌጅ ፕሮጀክት ራሱ በክፍያ ያስተናግዳል።

ይህ ፕሮግራም ገጽ ብቻ አያሳይም። ጽሑፍ ይቀበላል፤ ለገምጋሚዎች ያስተላልፋል፤ አስተያየታቸውን ይይዛል። ስለዚህ የተላኩት ጽሑፎች የሚቀመጡበት ማኅደር ከሕዝብ ዐይን ውጭ መሆን አለበት። የተከለው ሰው ቦታውን ከሳተ፥ ያልታተመ ጥናትና የገምጋሚ ምስጢር ለማንም መንገደኛ ሊገለጥ ይችላል። ሁለገቡ አስተናጋጅ ይህን አይመረምርም፤ ሥራውም አይደለም።

የእኛ ችግር ግን ሌላ ነበር። ጽሑፍ የመቀበያው ቀን ሊያበቃ ሦስት ቀን ሲቀረው፥ አስተናጋጃችን ፒ ኤች ፒ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ወደ አዲስ እትም አሻገረ። ያረጀው ፕሮግራማችን ከአዲሱ ጋር ስላልተስማማ ገጹ ባዶ ሆነ። ብንጽፍላቸው «ሰርቨሩ ደኅና ነው፤ ጕድለቱ ከፕሮግራማችሁ ነው» አሉን። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ምንም አልረዳንም። ድረ ገጹን የተከለው ጓደኛችን ተመርቆ ሄዷል፤ የይለፍ ቃሉም አብሮት ሄዷል። የመመረቂያ ጥናቱን ሊልክልን ያሰበ አንድ ተማሪም ቀኑ አለፈበት።

እንግዲያው ልዩው ይሻላል ብሎ መደምደም ይቻላልን? የሚያስፈራ ነገር አለው። በአንድ ፕሮግራም ላይ የቆመ ቤት የፕሮግራሙን ጠብ ይወርሳል። በመስከረም 25 ቀን 2024 (በአውሮፓ አቈጣጠር) ወርድፕሬስ ዶት ኦርግ ከደብልዩ ፒ ኤንጂን ጋር ተጣልቶ ሰርቨሮቹን ስለ ዘጋ፥ ምንም ያላጠፉት ደንበኞች ተጨማሪ ፕሮግራሞቻቸውን እንደ ልማዳቸው ማደስ አቃታቸው፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደርሶ በታኅሣሥ ወር ትእዛዝ ተሰጠበት። ዋጋውም ቀላል አይደለም። ክፍያው በዶላር ሲሆን፥ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ ለገበያ ስለ ተለቀቀ፤ ያው ዶላር ከቀድሞው እጅግ የበዛ ብር ይጠይቃል።

የመጠባበቂያ ቅጂ ነገር ግን ሁለቱንም ይመለከታል። በመጋቢት 10 ቀን 2021 (በአውሮፓ አቈጣጠር) በስትራስቡርግ የኦቪኤች የሰርቨር ሕንፃ ሲቃጠል፥ ቅጂያቸውን እዚያው ያኖሩ ደንበኞች ሁለቱንም አጡ።

በእኔ አስተያየት፥ ፕሮግራሙን የሚያውቅ ቋሚ ሠራተኛ ያለው ክፍል በሁለገቡ ቤት በርካሽ ሊኖር ይችላል። ባለሙያው በየዓመቱ ለሚመረቅበት ማኅበር ግን ልዩው ይሻላል፤ የድረ ገጹ ስም በኮሌጁ እንጂ በተማሪ ስም እስካልተመዘገበ ድረስ። እኛም በዚህ ወር ስሙን ወደ ኮሌጁ አዛውረን፥ የወጡትን እትሞች በሙሉ ከነመረጃ ቋታቸው ገልብጠን በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒዩተር አኑረናል። ለልዩው አስተናጋጅ የሚከፈለው ገንዘብ ገና አልተፈቀደም።