ዛላውን ከሜዳው ሳይነጥሉ፦ ቀረብ ብሎ የሚያነሳ፣ ኪስ የማይጎዳ ሰፊ ሌንስ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አስፋልት ሐሙሲትን አልፎ የጉማራን ወንዝ ሲሻገር መሬቱ ይዘረጋል። ፎገራ ነው። በስተ ግራ ጣና ሐይቅ፣ በስተ ቀኝ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣው ደጋ፣ ከዚያም ማዶ ጉማራና ርብ የሚመነጩበት ጉና ተራራ። ክረምት ሲገባ ሁለቱ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ይተኛሉ። ውሃው ባለበት ሩዝ ይዘራል፤ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይከተላል። የወረዳው ዋና ከተማ ወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች ከተማ ናት፤ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም የሚገኘው እዚሁ ነው።

ይህን ሜዳ ካሜራ ይዞ የሚጎበኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ፎቶ ይዞ ይመለሳል። አንደኛው ከመንገድ ዳር የተነሳው ሰፊ ፎቶ ነው። አረንጓዴው ይታያል፣ ሩዝ መሆኑን የሚናገር ግን የለም፤ ጤፍም ሣርም ሊመስል ይችላል። ሁለተኛው የሩዙን ዛላ አቅርቦ ጀርባውን ያደበዘዘው ነው። ሩዝነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ አገሩ ግን ጠፍቷል፤ ቬትናም ወይም ባንግላዴሽ ተነሣ ቢባል የሚያስተባብል ምልክት የለውም። ዛላውንና ሜዳውን በአንድ ፎቶ አገናኝቶ ለማሳየት ሰፊ ዕይታ ያለው፣ ነገር ግን አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ፎከስ ማድረግ የሚችል ሌንስ ያስፈልጋል። ደግነቱ፣ ይህን የሚያደርጉ ሌንሶች የግድ ከውዶቹ ተርታ አይደሉም። ሲገዙ የትኛውን ቁጥር ማየት እንደሚገባ ማወቅ ይበቃል።

ሰፊነት ምን ይሰጣል?

ሌንሱ ላይ በሚሊ ሜትር የተጻፈው ቁጥር ሲያንስ ዕይታው ይሰፋል። ፉል ፍሬም በሚባለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ሴንሰር ላይ የተገጠመ ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ካለው ሜዳ 720 ሜትር ያህል ወርድ ያስገባል። ባለ 24ቱ 1,500 ሜትር፣ ባለ 16ቱ ደግሞ 2,250 ሜትር ያስገባል። እንግዲህ ዛላው በሦስቱም ፎቶዎች እኩል ተልቆ ቢነሳ እንኳ ከኋላው የሚታየው አገር ከሁለትና ከሦስት እጥፍ በላይ ይለያያል። በዚያ ላይ በሰፊ ሌንስ የጀርባው ብዥታ ስለሚቀንስ ርብ ዳር የቆመው ዛፍ ዛፍነቱ፣ የተሰማራው ከብት ከብትነቱ ይለያል።

ካሜራው ራሱ ግን በሒሳቡ ውስጥ ይገባል። በእጃችን የሚገኙት ብዙዎቹ ካሜራዎች፣ ለምሳሌ የካነን 600ዲ፣ 700ዲና 70ዲ፣ ሴንሰራቸው ከፉል ፍሬም ያንሳል። በካነን የሌንሱን ቁጥር በ1.6፣ በኒኮንና በሶኒ ትንንሽ ሴንሰሮች ደግሞ በ1.5 ማባዛት ነው። ስለዚህ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ 700ዲ ላይ ሲገጠም ዕይታው እንደ 38 ይሆናል፤ ከ50ው ይሰፋል እንጂ በጣም ሰፊ አይባልም። ገንዘብ ከማውጣት በፊት ከካሜራው ጋር የመጣውን ከ18 እስከ 55 የሚያሳይ ዙም በ18 እና በ24 አስሮ ጥቂት ቀን ማንሳት የትኛው ዕይታ እንደሚስማማ ያለ ወጪ ያሳውቃል።

የሚፈለገው ቁጥር

ሌንስ ሲሸጥ ቀድሞ የሚነገረው አፐርቸሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ስፋት፣ ነው። 1.8 ከ2.8 ይበልጣል፣ 1.4 ደግሞ ከሁሉም ይልቃል ይባላል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል። ቀረብ ብሎ ለሚያነሳ ሰው ግን ይህ ቁጥር ሁለተኛ ነው። ዛላ ሥር ተንበርክኮ የሚያነሳ ሰው አፐርቸሩን ወደ 8 ወይም 11 ይዘጋል፤ የከፈለበት 1.8 ሳይነካ ይቀራል።

ቀድሞ መታየት ያለበት የማጉላት መጠኑ ነው። 1፡2 ወይም 0.5 ከተባለ ነገሩ ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው በትክክለኛ መጠኑ ግማሽ ሆኖ ነው፤ በፉል ፍሬም 72 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው ነገር ፎቶውን ይሞላዋል። 1፡4 ከሆነ 144 ሚሊ ሜትር ይገባል። አብሮት የሚሄደው ሌላ ቁጥር አጭሩ የፎከስ ርቀት ነው። ይህ ርቀት የሚለካው ከሌንሱ አፍ ሳይሆን ከሴንሰሩ ነው፤ ካሜራው አናት ላይ መስመር የተሰነቀረባት ትንሽ ክብ ምልክት ቦታውን ታሳያለች። 24 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ሌንስ ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች ፎከስ ካደረገ ለዚህ ሥራ ይሆናል። ሌንሱ ላይ «ማክሮ» የሚል ጽሑፍ መኖሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ መጠኑ በቁጥር ይጠየቅ።

ለፎገራ ስንት ይበቃል? የሩዝ ዛላ ርዝመቱ በአማካይ አንድ ስንዝር ያህል ነው። ካሜራውን አቁሞ ዛላውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፎቶው ውስጥ ለመሙላት 1፡6 ገደማ ይበቃል፤ ዙሪያውን ሜዳ ለማስገባት ወደ 1፡8 ወይም 1፡10 ማፈግፈግ ይሻላል። ጥርት ብሎ የሚወጣውን ውፍረት ካየን ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አፐርቸሩ 8 ላይ ሆኖ በ1፡2 ሲነሳ ጥርት የሚለው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ1፡4 አንድ ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በ1፡10 አምስት ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ነገሩን ከአገሩ ጋር ለማሳየት የሚፈልግ ሰው 1፡4 የሚደርስ ሌንስ ካገኘ ይበቃዋል፤ ለ1፡2 ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፈለው ከዚያ ያነሰ ነገር ለማንሳት ነው።

ያነሰ ነገር ደግሞ ሜዳው ላይ ሞልቷል። ሩዝ ሲያብብ የእያንዳንዷ ፍሬ ቅርፊት ለሁለት ተከፍቶ ስድስት ቀጫጭን የወንዴ ዘንጎች ይወጣሉ፤ ጫፋቸው ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ የሚሆኑ ቢጫ ከረጢቶች ይንጠለጠላሉ። የሚከፈተው ረፋዱ ላይ ሲሆን፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ቅርፊቱ ተመልሶ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ያቺ ፍሬ ዳግመኛ አትከፈትም። ገበሬው የሚሰበስበው ፍሬ መያዝ አለመያዙ የሚወሰነው በዚች ጊዜ ነው። ይህን ከእነ ማሳው ማሳየት የሚፈልግ የምርምር ማዕከል ባለሙያ ወይም የግብርና ጋዜጠኛ ለ1፡2 ቢከፍል ገንዘቡን ያገኘዋል።

በየካሜራው ምን አለ?

በካነን አነስተኛ ሴንሰር ካሜራዎች በርካሽነቱ የሚጠቀሰው ኢኤፍ-ኤስ 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ኤስቲኤም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሲሆን ክብደቱ 125 ግራም፣ ውፍረቱ 23 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። 16 ሴንቲ ሜትር ላይ ፎከስ ያደርጋል፤ የማጉላት መጠኑ 0.27 ነው። ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 150 ዶላር ገደማ ነበር። በእጁ 700ዲ ወይም መሰሉን የያዘ ሰው ከዚህ ቢጀምር አይጸጸትም።

አዲሶቹን መስታወት አልባ የካነን ካሜራዎች ለያዘ ሰው ሁለት አማራጮች አሉ። አርኤፍ 16 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ 165 ግራም የሚመዝን፣ 13 ሴንቲ ሜትር ላይ ፎከስ የሚያደርግ፣ 0.26 የሚደርስ ሌንስ ነው፤ ሲወጣ 300 ዶላር ያህል ነበር። አርኤፍ 24 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ማክሮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ወጣ፤ 1፡2 ይደርሳል፣ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ አካል አለው፣ ዋጋው ግን የ16ቱን እጥፍ ያህል ነው። ለሶኒ ተጠቃሚዎች ታምሮን እ.ኤ.አ. በ2019 ያስተዋወቃቸው 20፣ 24 እና 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ሌንሶች አሉ። ሦስቱም 1፡2 ይደርሳሉ፣ ሦስቱም ከ220 ግራም አይበልጡም። ፎከሳቸው ዘገም የሚልና ድምፅ ያለው መሆኑ ለቪዲዮ ባይመችም ለቆመ ዛላ ችግር አይሆንም።

የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲሰላ ከብዷል። ስለዚህ አሮጌ ሌንስ መፈለግ ተገቢ ነው። የኒኮን 28 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ኤአይ-ኤስ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ፣ ፎከሱ በእጅ የሚዞር፣ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ቀርቦ የሚያነሳ ሌንስ ነው፤ ወደ 1፡4 ገደማ ይደርሳል። በቀላል አስማሚ ቀለበት የካነን ካሜራ ላይም ይገጠማል። ኒኮን 28 የሚባሉ ሌንሶች ብዙ ስለሆኑ የርቀት ቀለበቱ 0.2 ድረስ መዞሩን በዓይን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አሮጌ ሌንስ ሲገዙ አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ከፍቶ በአንድ ጫፍ የእጅ ባትሪ ማብራት፣ በሌላው ማየት ነው። የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ውስጡ ከታየ ሻጋታ ነው፤ መተው ይሻላል። የአፐርቸሩ ምላጮች ዘይት የነካቸው ከሆነም እንዲሁ።

ሜዳው ላይ የሚገጥሙ ነገሮች

የፎከስ ርቀቱ ከሴንሰሩ ስለሚለካ ከሌንሱ አፍ እስከ ዛላው የሚቀረው ቦታ ከሚታሰበው ያንሳል። በካነኑ ኢኤፍ-ኤስ 24 ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ያህል ይተርፋል፤ በታምሮን 24 አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፀሐይ ከኋላ ከሆነች የካሜራው ጥላ ዛላው ላይ ይወድቃል። መፍትሔው በማለዳ ወይም በሠርክ ብርሃኑን ከጎን መቀበል፣ በጥላው በኩል ደግሞ ነጭ ካርቶን ወይም ነጠላ ይዞ ብርሃኑን መመለስ ነው። ቅጠልና ጭቃ ሌንሱን ስለሚነካው ፊቱ ላይ ግልጽ ፊልተር ማሰር ያዋጣል። የአዝመራ ንፋስ ዛላውን ስለሚያወዛውዝ ሻተሩ ከ1/250 ሰከንድ ባይዘገይ ይመረጣል። በዚህ ርቀት አውቶማቲክ ፎከስ ስለሚዋልል ፎከሱን አንድ ቦታ አስሮ ራስን በዝግታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ ይቀላል።

በሌንስና በካሜራ መካከል የሚገባው ርካሽ የማራዘሚያ ቀለበት ለ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጥሩ ነው። 12 ሚሊ ሜትር የሆነው ለ50ው 0.24 ያህል ይጨምርለታል። በ24 ላይ ግን 0.5 ስለሚጨምር ፎከሱ ሌንሱን ሊነካ ምንም አይቀረውም፤ ርቀት ላይ ያለው ሁሉ ደግሞ ከፎከስ ይወጣል። በሰፊ ሌንስ ቀረብ ብሎ የማንሳት ችሎታ ከፋብሪካው ይዞት መምጣት ያለበት ለዚህ ነው።

ሰፊ ሌንስ የቀረበውን እያገዘፈ የራቀውን ያሳንሳል። የፎገራን ላም አፍንጫዋ ሥር ሆኖ ቢያነሷት ዝርያዋ የምትታወቅበት የተስተካከለ ቁመና ይበላሻል፤ እሷን ከሁለትና ከሦስት ሜትር ላይ፣ እግሯ የቆመበትን ረግረግ አስገብቶ ማንሳት ይሻላል። የሰው ፊትም እንዲሁ ነው። እጅ ግን ይህን ሌንስ ይወደዋል። ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ እዚያው ፎገራ ወረዳ ውስጥ፣ ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት የአውራምባ ማኅበረሰብ አለ። እዚያ ሽመና የወንድ፣ ፈትል የሴት ተብሎ አይከፋፈልም። መወርወሪያውን የምትወረውረውን ሴት እጅ ከሁለት ስንዝር ላይ ሆኖ ቢያነሱት፣ ከጣቷ ጀርባ ድሩ፣ ከድሩ ማዶ አብረዋት የሚሠሩት ሰዎች ይታያሉ፤ የማኅበረሰቡ ሐሳብ ያለ ማብራሪያ ጽሑፍ ይነበባል። በረጅም ሌንስ የሚታየው እጁ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ብርሃን ስለሚያንስ ኤፍ 1.8 የሚጠቅመውም እዚህ ነው።

ይህ ሌንስ ሰውን ከሩቅ ሰርቆ ማንሳት አይፈቅድም። ሁለት ስንዝር የቀረበ ሰው ሰላምታ መስጠት፣ «እማማ፣ እጅዎን ሲሠሩ ላንሳ?» ብሎ ማስፈቀድ፣ እሺ ካሉትም ያነሳውን ማሳየት አለበት። ማሳ ውስጥ የሚገባም ባለቤቱን ጠይቆ፣ ቡቃያውን ሳይረግጥ በድንበሩ ይሂድ።

ሩዝ ፎገራ የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ እስከዚያ ድረስ ውሃ የሚተኛበት መሬት በአመዛኙ የከብት ግጦሽ ነበር። ዛሬ ሩዙ ግጦሹን እየተካ፣ የፎገራ ከብትም እየቀነሰ ነው። ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች፣ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ወፎች የሚከርሙባቸው፣ እነሱም እየጠበቡ ነው። ይህን ለውጥ የሚመዘግብ ፎቶ ዛላው ከግጦሹ፣ ግጦሹ ከውሃው ጋር ያለውን ድንበር ማሳየት አለበት፤ ተነጣጥለው የተነሱ ፎቶዎች ይህን አይናገሩም። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። የወረታ፣ የሐሙሲትና የአዲስ ዘመን ከተሞች ወጣት ፎቶ አንሺዎች የሠርግ ሥራቸው ባተረፈላቸው ገንዘብ ሁለተኛ ሌንስ ሲገዙ፣ 1.4 አፐርቸር ካለው ውድ ሌንስ ይልቅ በ20 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት ፎከስ የሚያደርግ፣ 1፡4 የሚደርስ ሰፊ ሌንስ ይግዙ። የቀረውን ገንዘብ መስከረም ላይ ሩዙ ሲያብብ፣ ኅዳር ላይ ሲታጨድ፣ ጥር ላይ ጓያው ሲያፈራ እየተመላለሱ ያው ማሳ ላይ ለማንሳት ያውሉት። አገሩን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ማኅደሩንም መሥራት ያለባቸው እነሱ ናቸው።