መስቀል በአክሱም ሳንቲሞች ላይ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በጥንት ዘመን ሳንቲም ከመገበያያነት ያለፈ አገልግሎት ነበረው። የንጉሡን መልክ፣ የመንግሥቱን እምነትና የበዓላቱን ዜና ከእጅ ወደ እጅ ያደርስ ነበር። ቅዱስ ዮሐንስን ወደ ፍጥሞ ደሴት እንዳጋዘው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚነግረን ድምጥያኖስ ቄሣር፣ በ88 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የሮምን ታላቅ በዓል ሲያከብር፣ በቤተ ጣዖት ፊት መሥዋዕት ሲያቀርብ የሚያሳዩ ሳንቲሞችን አስቀርጿል። ከበዓሉ ስፍራ ርቆ የሚኖር ሰውም ሳንቲሙን ሲይዝ ቤተ መንግሥቱ ለማን እንደሚሠዋ ይረዳ ነበር።

የአክሱም ነገሥታትም ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ሳንቲሞችን አስቀርጸዋል። በቀደሙት ሳንቲሞች ላይ ከንጉሡ ምስል በላይ የሚታየው ጨረቃና ክብ ምልክት ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት አብርሃ ተብሎ የሚታወቀው ንጉሥ ኢዛናም በመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞቹ ይህንኑ ምልክት ተጠቅሟል። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ከሾመውና ንጉሡ በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ስብከት ካመነ በኋላ ግን ጨረቃው ቀረ፤ በቦታው መስቀል ተተካ። ስለዚህም ሀገራችን መስቀልን በገንዘቧ ላይ ከቀረጹ ቀደምት መንግሥታት አንዷ ሆነች። ኋላ በተቀረጹ የነሐስ ሳንቲሞች ላይም በመስቀሉ ዙሪያ፣ ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ ዘንድ የሚል ምኞት በግሪክ ቋንቋ ተጽፏል። ነሐሱ በየገበያው የሚውል ገንዘብ ነበርና መስቀሉ ከቤተ መንግሥት ወጥቶ ወደ ሸማቹና ወደ ነጋዴው እጅ ደረሰ።

ጌታችን ስለ ግብር በተጠየቀ ጊዜ ዲናር አስመጥቶ በላዩ ያለው መልክ የማን እንደሆነ ጠይቋል (ማቴ. 22፥20)። ዲናሩ የቄሣርን መልክ ይዞ ነበርና ለቄሣር ተገባ፤ ሰው ግን በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሯልና (ዘፍ. 1፥27) ራሱን ለእግዚአብሔር ሊሰጥ ይገባዋል። ማዕተብ በአንገታችን አስረን በጉቦና በሐሰት ሚዛን ብንነግድ፣ አባቶቻችን በገንዘባቸው ላይ ያኖሩትን መስቀል እኛ ከገንዘባችን እናርቀዋለን።

እነዚህ ሳንቲሞች የሃይማኖታችን ምስክሮች ናቸው። በሐረር ከተማ የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም ጥንታውያን ሳንቲሞችን ከሌሎች ቅርሶች ጋር ጠብቆ ለተመልካች ማቅረቡ ለሁላችን አርአያ ነው። በእርሻም ሆነ በቁፋሮ ጥንታዊ ሳንቲም ያገኘ ምእመን ለነጋዴ ከመሸጥ ወይም ከማቅለጥ ተቆጥቦ ለሚመለከተው የቅርስ አካል ያስታውቅ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥበቃ አዋጅም ይህንኑ ያዝዛል። አንዲት ሳንቲም በቀለጠች ቁጥር አንድ የእምነት ምስክር ዝም ይላልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።