በመንግሥት ሥራ ተገቢ ውክልና፦ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ሥራ ፈላጊዎች ሊያውቁት የሚገባ መብት

በእስራኤል ለመንግሥት ሥራ የሚያመለክት ዜጋ ሊመዘን የሚገባው በችሎታው እንጂ በቆዳው ቀለም ወይም ወላጆቹ በመጡበት አገር አይደለም። ይሁን እንጂ መድልዎን መከልከል ብቻውን በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እኩልነትን አያሰፍንም። በዚህም ምክንያት ሕጉ አድልዎን ከመከልከል አልፎ፣ መንግሥት የሠራተኞቹ ስብጥር ኅብረተሰቡን የሚመስል እንዲሆን እንዲሠራ ያስገድዳል።

ተገቢ ውክልና ምን ማለት ነው?

በ1959 እ.ኤ.አ. የወጣው የመንግሥት አገልግሎት የሹመት ሕግ አንቀጽ 15ሀ፣ በእያንዳንዱ ሚኒስቴር፣ በሁሉም የሥራ ደረጃዎችና ሙያዎች ተገቢ ውክልና እንዲኖር ያዝዛል። አንቀጹ ሁለቱንም ፆታዎች፣ አካል ጉዳተኞችንና የዐረብ ኅብረተሰብ አባላትን ያካትታል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ተጨምረዋል። የዚህ መብት ተጠቃሚ ራሱ ወይም ከወላጆቹ አንዱ በኢትዮጵያ የተወለደ ሰው ነው። ስለዚህ በእስራኤል የተወለዱ የስደተኛ ወላጆች ልጆችም ይካተታሉ።

«በሁሉም ደረጃዎችና ሙያዎች» የሚለው ቃል ልብ ሊባል ይገባል። ሠራተኞቹ በዝቅተኛ የሥራ መደቦች ብቻ፣ ወይም የራሳቸውን ማኅበረሰብ በሚያገለግሉ ክፍሎች ብቻ ከተሰበሰቡ የሕጉ ዓላማ አልተፈጸመም። የሕግ ባለሙያው፣ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዋና የመምሪያ ኃላፊውም በውክልናው ውስጥ ይቆጠራሉ።

ሕጉ በሥራ ላይ የሚውለው እንዴት ነው?

• የተለዩ የሥራ መደቦች፦ መንግሥት አንዳንድ መደቦችን ትውልደ ኢትዮጵያውያን ብቻ እንዲወዳደሩባቸው ሊለይ ይችላል። ይህም በሥራ ውድድር ማስታወቂያው (ሚክራዝ) ላይ ይገለጻል።

• ቅድሚያ መስጠት፦ ለሥራው ብቁ የሆኑ ተወዳዳሪዎች ተመሳሳይ ችሎታ ሲኖራቸው፣ ውክልናው ላነሰው ወገን ቅድሚያ ሊሰጥ ይችላል።

አንዳንድ አመልካቾች «በችሮታ የተቀጠረ» እንዳይባሉ በመስጋት በዚህ መብት ከመጠቀም ይቆጠባሉ። ሆኖም በሁለቱም መንገዶች የሚቀጠር ሰው ለሥራው ብቁ መሆን አለበት። ሕጉ የሚከፍተው በር ነው እንጂ የሚያነሰው መመዘኛ የለም።

መድልዎ ቢፈጸምስ?

በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው የሥራ ዕድል እኩልነት ሕግ፣ በዘር ወይም በትውልድ አገር ምክንያት በቅጥር፣ በሥራ ሁኔታ፣ በዕድገት፣ በሥልጠናና በስንብት ረገድ መድልዎ ማድረግን ይከለክላል። ሕጉ የግል ቀጣሪዎችንም ይመለከታል። አቤቱታ በማቅረቡ ምክንያት ሠራተኛን መጉዳትም የተከለከለ ነው።

መድልዎ ደርሶብኛል የሚል ሰው ለሥራ ዕድል እኩልነት ኮሚሽን ማመልከት ወይም ለሥራ ጉዳይ ፍርድ ቤት ክስ ማቅረብ ይችላል። ክሱ መቅረብ ያለበት የክሱ ምክንያት ከተፈጠረበት ቀን ጀምሮ በ3 ዓመት ውስጥ ነው። በተጨማሪም በ2016 እ.ኤ.አ. የቀረበውን የፓልሞር ኮሚቴ ሪፖርት ተከትሎ በፍትሕ ሚኒስቴር የተቋቋመው ዘረኝነትን የመዋጋት ሥራ አስተባባሪ ክፍል ከሕዝብ አቤቱታ ይቀበላል። በሚኒስቴሮችም ዘረኝነትን ለመከላከል የተመደቡ ኃላፊዎች አሉ።

አመልካቾች የሥራ ማስታወቂያውን፣ የማመልከቻቸውን ቅጂና የተሰጣቸውን መልስ በጽሑፍ ይዘው እንዲያቆዩ ይመከራል። ከጊዜ በኋላ መብትን ለማስከበር ዋነኛ ማስረጃ የሚሆኑት እነዚህ ሰነዶች ናቸው።