የእንግዳው ገንዘብ ወዴት ይሄዳል? ስለ ቱሪዝም ንግድ ተረትና እውነታ

በቱሪዝም መነገድ ማለት ሆቴል መሥራት ነው የሚለው እምነት በኢትዮጵያ የጉብኝት ከተሞች ሥር የሰደደ በመሆኑ፣ ጥሪት የቋጠረ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው መኝታ ክፍል መደርደርን ነው። እምነቱ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ እንግዳ ማደሪያ ይሻልና። ይሁን እንጂ ያልተሸጠ ጤፍ በጎተራ ለነገ ሲቆይ፣ ዛሬ ባዶ ያደረ ክፍል ያጣው ገቢ ነገ አይመለስም። በላሊበላ ታኅሣሥ 29 ለገና በዓል አልጋ ጠፍቶ ምእመናን በድንኳንና በሜዳ ያድራሉ፤ ክረምት ሲገባ ግን ያው ክፍል እንግዳ አጥቶ የብድር ወለድና የሠራተኛ ደመወዝ ይቆጥራል። ይህ የእንግዳ ፍሰት በወራት መለዋወጥ ወቅታዊነት ይባላል፤ ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ሕንፃ ላይ ላፈሰሰ ሰውም ብርቱ ስጋት ነው።

የሚበልጠው ዕድል ሆቴሉ በየዕለቱ በሚገዛው ነገር ውስጥ ይገኛል። እንቁላሉ፣ ቲማቲሙና ቅቤው ከሩቅ ከተማ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ከሆነ፣ እንግዳው የከፈለው ብር በአካባቢው ሳይዘዋወር ዕቃው ወደ መጣበት ከተማ ይሄዳል፤ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች ይህን የገቢ መፍሰስ ይሉታል። በአንጻሩ አትክልቱ ከቅርብ ገበሬ፣ ጋቢው ከሸማኔ፣ የአልጋ ልብስ አጠባው ከሰፈር ሴቶች ማኅበር ሲገኝ፣ ያው ብር ከብዙ እጅ ይደርሳል። በትውፊት የላሊበላ ስም ሕፃኑን ንጉሥ ከከበቡት ንቦች ጋር የተያያዘ ነው፤ ይህን ታሪክ በጽሑፍ ይዞ፣ በማይፈስ ዕቃ በንጽሕና የታሸገ የላስታ ማር የሚያቀርብ ወጣት ሕንፃ ሳያስፈልገው ከእንግዳው ሻንጣ ውስጥ ቦታ ሊያገኝ ይችላል።

ቱሪስት ማለት ፈረንጅ ነው የሚለው ግምትም ነጋዴውን ከሰፊው ገበያ ያርቀዋል። በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የስታቲስቲክስ ትርጉም መሠረት፣ ከአንድ ዓመት ላነሰ ጊዜ ከተለመደ መኖሪያው ርቆ፣ በሄደበት ቦታ ለመቀጠር ሳይሆን ለሌላ ዓላማ ተጉዞ ቢያንስ አንድ ሌሊት ያደረ ሰው ሁሉ ቱሪስት ነው። እንግዲያውስ መስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚወጣው ተሳላሚም፣ ከአሜሪካ ዘመድ ጥየቃ የመጣው ትውልደ ኢትዮጵያዊም በዚህ ትርጉም ውስጥ ይገባሉ። የቁልቢ ገብርኤል በዓል ከታኅሣሥ 19 ሌላ ሐምሌ 19 መከበሩ ደግሞ ልብ ሊባል ይገባል፤ የውጭ ጎብኚ በሚሳሳበት ክረምት ስንቅ፣ ማደሪያና መጓጓዣ የሚሻ ብዙ ሕዝብ መኖሩን ያሳያልና።

ቅርስ ራሱን ይሸጣል የሚለው ሦስተኛው እምነት በቅርቡ በመራራ መንገድ ተፈትኗል። ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባና በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲከተል ግን አብያተ ክርስቲያናቱም ተራሮቹም በቦታቸው እያሉ እንግዳው ቀረ። መንገድ፣ በረራና ሰላም ከሌሉ የቅርሱ ዝና ብቻውን እራት አይሆንም፤ ከጎብኚ ሌላ ደንበኛ ያልነበረው አስጎብኚና የስጦታ ዕቃ ሻጭም ከሁሉ የከፋው ጉዳት ደረሰበት።

ስለዚህ አንድ የቱሪዝም ንግድ ሲታሰብ ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ እንግዳ በሌለ ጊዜ ማን ይገዛዋል የሚለው ነው። የሰሜን ተራሮች መግቢያ በሆነችው ደባርቅ አስጎብኚዎች፣ ምግብ አብሳዮች፣ ስካውት የሚባሉት የታጠቁ ጠባቂዎችና በቅሎ አከራዮች ከጎብኚው ጋር ወደ ሳንቃበርና ወደ ጭንቅ ሰፈሮች ይወጣሉ። ከእነዚህ ሁሉ በቅሎ አከራዩ የተለየ ብልጫ አለው፤ ጎብኚ ባልመጣበት የገበያ ቀን ያችው በቅሎ የጎረቤት ገብስ ጭና ትውላለች።