ሦስት አገሮች የሚዋሰኑበት ነጥብ

ኮልፌ ቀራንዮ ከጉለሌም ከአዲስ ከተማም ጋር ይዋሰናል። ሦስቱ ክፍለ ከተሞች የሚገጥሙበትን ቦታ ግን በታክሲ የሚያልፍ ሰው ልብ አይለውም፤ በዚያ ላይ የከተማው አስተዳደር ካስፈለገው ድንበሩን ራሱ ያዛውረዋል። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ሲወጣ አዲስ የሦስት ወሰን ነጥብ በአንድ አካል ውሳኔ ተፈጥሯል። በአገሮች መካከል እንዲህ ያለ ወሳኝ የለም። ሁለት አገሮች የሚዋሰኑበት መስመር በሁለቱ ስምምነት ይጸናል፤ ሦስተኛው የሚገባበት ማዕዘን ግን ሌሎች ሁለቱ በሚያደርጉት ነገር ይለዋወጣል። ስለዚህ የአንድ አገር ወሰን ከሁሉ ይልቅ በሌሎች እጅ ያለው ማዕዘኑ ላይ ነው እላለሁ።

የኢትዮጵያ ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። ኤርትራ ከመለየቷ በፊት ከሱዳን፣ ከኬንያ፣ ከሶማሊያና ከጅቡቲ ጋር የምትዋሰነው ኢትዮጵያ የነበሯት ማዕዘኖች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ የወሰኗ ሁለት ጫፎች ባሕር ላይ ያርፉ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1993 ባሕሩ ሲቀር ሁለት ተጨመሩ፦ አንዱ በሑመራ አቅጣጫ ከሱዳንና ከኤርትራ ጋር፣ ሌላው በአፋር በሙሳ ዓሊ ተራራ ዘንድ ከኤርትራና ከጅቡቲ ጋር። ሐምሌ 9 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ደቡብ ሱዳን ነጻ ስትወጣ ደግሞ ስድስተኛው ተወለደ፤ ኢትዮጵያ አንድ ስንዝር ሳትነቃነቅ።

ከሁሉ የሚያስተምረው የዳዋ ወንዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ምኒልክና እንግሊዝ በደቡቡ ወሰን ላይ ሲስማሙ መስመሩ የተነሣው ዳዋና ገናሌ ከሚገናኙበት ከዶሎ ነበር፤ ጁባ የሚባለው ወንዝ ከዚያ ይጀምራል፣ የእንግሊዝና የጣልያን ግዛቶች ወሰንም እሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 እንግሊዝ ከጁባ በስተ ምዕራብ ያለውን ጁባላንድን ለጣልያን ለመስጠት ተዋዋለች፤ በቀጣዩ ዓመት ርክክቡ ሲፈጸም ሦስቱ የሚገናኙበት ነጥብ ዳዋን ሽቅብ ተከትሎ እስከ ማንዴራ አጠገብ ሄደ። ኢትዮጵያ መሬት አላጣችም፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ጎረቤቷ ግን ሳትጠየቅ ተለወጠባት። ከዚህ በፊት እ.ኤ.አ. በ1902 በሰቲት ወንዝ በኩል የሆነው የተለየ ነበር፤ ኢትዮጵያ፣ እንግሊዝና ጣልያን ሦስቱም ፈረሙበት። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 2002 እ.ኤ.አ.፣ የኢትዮ ኤርትራ የድንበር ኮሚሽን ውሳኔውን ሲሰጥ መስመሩን የጀመረው በዚያው በሰቲት በኩል ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ሱዳን ከሚገናኙበት ነጥብ ነው።

ዛሬ ጂፒኤስ አለ፣ ነጥቡን በሜትር ይለካዋል የሚል ይኖራል። መሣሪያው የሚነግረን የቆምንበትን ቦታ ነው እንጂ ሦስቱ መንግሥታት በዚያ ቦታ መስማማታቸውን አይደለም። ሌላው መከራከሪያ ይከብዳል፦ የጋሪ ጎሣ ሰዎች በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በሶማሊያ፣ አፋሮችም በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በጅቡቲ ይኖራሉ፤ ቅኝ ገዥዎች በካርታ ላይ ያሰመሩት ለእነሱ ምናቸው ነው? ይህ እውነት ነው፤ ግን ወሰኑ ባልጠራበት ስፍራ መጀመሪያ የሚጎዳው ከብቱን ይዞ የሚሻገረው አርብቶ አደር ነው። ኢትዮጵያ፣ ኬንያና ደቡብ ሱዳን በሚገናኙበት በኢሌሚ ሦስት ማዕዘን ውሃና ግጦሽ የሚሹ አርብቶ አደሮች ባለቤትነቱ ባልተቋጨ መሬት ላይ ይገናኛሉ። ሱዳንና ደቡብ ሱዳንም የጋራ ወሰናቸውን ገና በምድር ላይ አላካለሉም፤ እነሱ መስመራቸውን ወደ ምሥራቅ ሲያደርሱ ጫፉ የሚያርፈው በኢትዮጵያ ወሰን ላይ ስለሆነ፣ በዚያ ድርድር ኢትዮጵያ እንደ ሦስተኛ ፈራሚ ከመጀመሪያው ልትቀመጥ ይገባል።